አሮጌ ታብሌት ወይስ የግድግዳ ፓነል?

መብራቱን፣ ካሜራውንና የውኃ ማሞቂያውን ከአንድ ስክሪን ማዘዝ የፈለገ ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ወጪ፦ ታብሌቱ መሳቢያ ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው። የቤቱን ዕቃዎች አገናኝቶ ታብሌቱ ላይ የሚያሳየው ሆም አሲስታንት የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ፓነሉ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የንክኪ ስክሪን፣ ግን ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ገጠማ፦ ታብሌት መደገፊያና የቻርጀር ገመድ ይበቃዋል። ፓነል ላይ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። እንደ ሶኖፍ ኤንኤስፓነል ፕሮ ያለው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ 220 ቮልቱን በቀጥታ ይወስዳል። ሽቦ አልባ የሆነው መልእክቱ ብቻ ነው! ኒውትራል ሽቦም (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ይፈልጋል፤ ብዙ የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ያ ሽቦ የለም። ከዚያ በኋላ ብሎኬት መቦርቦር ነው፣ ቀለም መቀባት ነው።

አደጋ፦ የእኔ ታብሌት አንድ ጠዋት ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ብሎ አገኘሁት። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ስለዋለ ባትሪው አብጦ ነበር። አሁን ስማርት ሶኬት (በሶፍትዌር የሚታዘዝ ሶኬት) ባትሪው 20 በመቶ ላይ ሲደርስ ቻርጀሩን ይከፍትልኛል፣ 80 ላይ ይዘጋል።

መብራት ሲጠፋ፦ ፓነሉ ወዲያው ይሞታል። ታብሌቱ ይበራል፤ ግን ራውተሩና ራስፕቤሪ ፓዩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ከሌላቸው ፎቶ ከማየት አያልፍም።

ተከራይ ከሆናችሁ፣ ወይም መነካካት የምትወዱ ከሆነ ታብሌቱ ይሻላችኋል። ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነና ኤሌክትሪሺያኑ ኒውትራሉን ከወዲሁ ካስገባ፣ ፓነሉን ግጠሙ።