የመንዝ ባና ለበርና ለወለል፦ ከአንድ የብርድ ወቅት በኋላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መስከረም ላይ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ የሚነጣው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ለብርዱ የምንዘጋጀው ለገላችን ነው። ጋቢ፣ ካፖርት፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት»። ቤቱን ለብርድ የሚያዘጋጅ ግን ጥቂት ነው።

እኔ መስከረም ላይ ለቤቱ ብዬ ሁለት የመንዝ ባና፣ ማለትም ወፍራም የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ገዛሁ። አንዱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ሌላው እናቴ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። አሁን የካቲት ስላለፈ በደንብ ፈትሼዋለሁ ማለት እችላለሁ።

ቤታችን የጭቃ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ብረት። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አይታማም። አስቸጋሪው በሩ ነው። ብረት ሙቀቱን ወደ ውጭ ያሾልካል፤ ከሥሩ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። ማታ ቁጭ ስትሉ ቅዝቃዜው ከእሱ እየወጣ እግራችሁ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። እናቴን ቁርጥማት የሚያስቸግራትም ያኔ ነው።

ባና ከበግ ጸጉር ተፈትሎ ይሸመናል፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ በእግር ይረገጣል። ቁም ነገሩ ያለው እርግጫው ላይ ነው። በደንብ የተረገጠ ባና ክሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ቀዳዳው ይደፈናል፤ በመሀል የቀረው አየር አይንቀሳቀስም። ሙቀት የሚይዘው ያ የቆመ አየር ነው። ስትገዙ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃን ነጠብጣብ ሆኖ የሚታይበት ከሆነ እርግጫው ሳስቷል። የሸጡልኝ እናት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው «ልጄ፣ ይሄ ለልብስ ይሆንሃል፤ ለበር ከሆነ ግን ያንን ከባዱን ውሰድ» አሉኝ። ከባዱን ወሰድኩ። ዋጋው ከስስ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በጣም ይበልጣል፤ ለእኔ ግን ተገቢ ነው።

ሲሰቀል ቀላል አይደለም። ተራ የመጋረጃ ዘንግ ስለማይችለው የውሃ ቧንቧ ብረት ቆርጬ ግድግዳው ላይ አስተከልኩና በዚያ ላይ ሰቀልኩት። ታችኛው ጫፍ ወለል ከነካ ጭቃና አቧራ ይጠጣል፤ ከፍ ካለ ብርድ ያስገባል። ስለዚህ ትንሽ ከፍ አድርጌው፣ ክፍተቱን አሸዋ በተሞላ የጨርቅ ከረጢት ዘጋሁት።

ውጤቱን ያየሁት ኅዳር ላይ ነው። ድሮ ጠዋት ቤት ውስጥ ሆነን ትንፋሻችን ይታይ ነበር፤ አሁን አይታይም። እናቴ ሌሊት ስትነሳ እግሯ ባናው ላይ ስለሚያርፍ ሊሾው አያንቀጠቅጣትም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አልጣልነውም፣ ግን የምናበራው ለአጭር ጊዜ ነው። ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ በ4 ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋጋ የለውም። ባናው መብራት ኖረ አልኖረ ሥራውን ይሠራል።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ማታ የብረቱ በር በውስጥ በኩል ያልበዋል፤ ባናው ብረቱን ከነካ ጀርባው ይረጥባል። የበግ ጸጉር ብዙ እርጥበት ስለሚጠጣ በእጅ ስትዳስሱት ቶሎ አይታወቃችሁም። ጠዋት ወደ ጎን ገልጣችሁ አየር ካላስነካችሁት ይሸታል። አዲስ ሲሆን የበግ ሽታው አይጠፋም፣ ጸጉሩም ይረግፋል፤ እኛ ቤት ሁለቱም እስከ ጥቅምት መጨረሻ አልለቀቁም። ገላን ይኮሰኩሳል፤ ለሕፃን አልጋ አልመክረውም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ብል ነው። ጸጉሩን የሚበላው የብሏ እጭ ስለሆነ፣ ወለል ላይ ያለውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እያራገፍኩ፣ እጥፋቱን በብሩሽ እጠርጋለሁ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃና እሽት ያጨማድደዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክፍተቱን የደፈናችሁበት ቤት ውስጥ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን አያቆምም፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ባና የሰቀለ ሰው ቡና ሲያፈላ መስኮቱን ገርበብ ያድርግ፤ ሲጨርስ ከሰሉን ውጭ ያውጣ።

ለእኛ ቤት የቀረው ጣሪያው ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆርቆሮው ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለው የበሩ ድካም ግማሹ ያመልጣል። ሳሎኑ ኮርኒስ አለው፣ የእናቴ ክፍል ግን የለውም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሚያዝያ ላይ አናጢ አስጠራለሁ። ሦስተኛ ባና የምገዛው ከዚያ በኋላ፣ ለመስኮቷ ነው።