40 ኪሎኸርዝ ወይስ 13.56 ሜጋኸርዝ? ባለሁለት ምንጭ ፕላዝማ ማጽጃ ከ9 ወር በኋላ

ይህ የጠረጴዛ ላይ ማጽጃ የዕቃን ገጽ የሚያጸዳው በፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አዮንና ኤሌክትሮን በተከፋፈለ ጋዝ ነው፤ ሁለት የኃይል ምንጭም ይገጠምለታል። አንዱ በ40 ኪሎኸርዝ፣ ሌላው በ13.56 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ሁለቱም እስከ 100 ዋት ይሰጣሉ። ዋቱ እኩል ሆኖ ሳለ የሚገኘው ፕላዝማ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ገዢ ከዋቱ በፊት ፍሪኩዌንሲውን ይጠይቅ።

ልዩነቱን የሚያመጡት አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው የጋዝ አተሞች) ናቸው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ባለበት የአርጎን ፕላዝማ፣ አዮን የቮልቴጁን መለዋወጥ መከተል የሚችለው እስከ 3 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። በ40 ኪሎኸርዝ ቮልቴጁ አቅጣጫ ከመቀየሩ በፊት አዮኑ ኤሌክትሮዱ (ቮልቴጁ የሚሰጥበት ብረት) ላይ ይደርሳል፤ የሚመታውም በሙሉ ጉልበቱ ነው። ኤሌክትሮዱ ይግላል፣ ብረቱም እየተፋቀ ናሙናው ላይ ያርፋል። ለብረት ዕቃ ችግር የለውም፤ ለስስ ፖሊመር ግን አንመክረውም። በ13.56 ሜጋኸርዝ አዮኑ የሚሰማው አማካዩን ቮልቴጅ ብቻ ነው። በዚያው ዋት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የኤሌክትሮኑ ብዛት ይጨምራል። ሆኖም ኃይል የሚቀበለው ኤሌክትሮድ ከሌላው ካነሰ ራሱ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ በቀላሉ የሚጎዳ ናሙና ኧርዝ በሆነው (ከመሬት ጋር በተገናኘው) ኤሌክትሮድ ላይ ይቀመጥ።

ወፍራም መስታወት ላይ ልዩነቱ ይጎላል። 10 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ያለው መስታወት በ40 ኪሎኸርዝ ጅረቱን 400 ኪሎኦም ገደማ ይቋቋማል፤ በ13.56 ሜጋኸርዝ ግን 1.2 ኪሎኦም ብቻ። ስለዚህ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ፕላዝማው መስታወቱን ትቶ ዙሪያውን ይነዳል፤ መሃሉ ሳይጸዳ ይቀራል።

የ13.56 ራስ ምታት ማቺንግ ሳጥኑ ነው፤ ምንጩንና ፕላዝማውን አጣጥሞ ኃይሉ ወደ ምንጩ እንዳይመለስ የሚያደርገው። ጋዝ ወይም ግፊት በተቀየረ ቁጥር የፕላዝማው ኢምፔዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት ያለው ተቃውሞ) ስለሚቀየር በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ተለዋዋጭ ካፓሲተሮች እንደገና መስተካከል አለባቸው። በኦክስጅን፣ በ0.5 ሚሊባር፣ በ30 ዋት ይጀመር። ተመላሹ ኃይል (ፕላዝማው ሳይቀበለው ወደ ምንጩ የሚመለሰው) እስኪወርድ አንዱን ካፓሲተር፣ ቀጥሎ ሌላውን በትንሽ በትንሹ ማዞር፤ ከዚያ ቦታቸውን መጻፍ። አልወርድ ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው የኧርዝ መስመሩ ነው። አንድ ሜትር ክብ ሽቦ 1 ማይክሮሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ (የጅረት ለውጥን የመቃወም ባህርይ) አለው። ይህ በ40 ኪሎኸርዝ ሩብ ኦም፣ በ13.56 ሜጋኸርዝ 85 ኦም ማለት ነው! አጭርና ሰፊ የመዳብ ጠፍጣፋ ይተካው። ጅረቱ ከገጹ 18 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ስለሚዘልቅ ከውፍረት ይልቅ ስፋት ይጠቅማል።

ፒዲኤምኤስን (የሲሊኮን ጎማ ዓይነት) ከመስታወት ለማጣበቅ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ በቂ ነው። ሲበዛ ገጹ ላይ ተሰባሪ የሲሊካ ቅርፊት ይፈጠርና ይሰነጠቃል፤ ሲዘገይም ገጹ ወደ ቀድሞ ውሃ ጠልነቱ ስለሚመለስ ወዲያው መጋጠም አለበት።

ለብረት ማጽጃ ብቻ ከሆነ 40 ኪሎኸርዙ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል። ለመስታወትና ለፖሊመር የ13.56 ተጨማሪ ወጪ ይገባዋል። በየትኛውም ቢሆን ኦክስጅን ከተጠቀማችሁ የቫኪዩም ፓምፑ ዘይት ፍሎሪን ያለው ይሁን፤ የማዕድን ዘይት ከኦክስጅን ጋር ሊፈነዳ ይችላል።