ሰባት ወር የሠራሁበት አሮጌ ኮምፒውተርና የጠፋው ፊደል

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከሰባት ወር በፊት ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በ12 ሺህ ብር አዲስ አበባ ገዝቼ፣ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ 130 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁት። ዊንዶውስ 7 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት። ማመልከቻና ውል ይጻፍበታል፣ ይታተማል፤ በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለኝም። ይህን የምጽፈው በአራተኛው ወር የደረሰብኝ ነገር እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ከአንድ ደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ገባበትና ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ፎርማት አድርጎ ዊንዶውሱን እንደገና ጫነው። ሰነዶቼ በሌላኛው የዲስኩ ክፍል ስለነበሩ አልተነኩም፤ እኔም እፎይ አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ መጡ። «የኔ ልጅ፣ ያንን መተዳደሪያ ደንብ አንድ ጊዜ አትሚልኝ፤ እሑድ ጉባኤ አለን» አሉኝ። ደንቡ 14 ገጽ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የተየቡት ከእኔ በፊት ቤቱን ይዘው የነበሩት ጸሐፊ ናቸው። ፋይሉን ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የላቲን ፊደል ከቅንፍ፣ ከፐርሰንት፣ ከዶላር ምልክት ጋር ተደበላልቆ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግፏል። የሚገርመው ቅርጹ እንዳለ ነው፤ ርዕሱ መሐል ላይ ተሰምሮበታል፣ አንቀጹ ገባ ብሎ ይጀምራል፣ የመዋጮው ሰንጠረዥ በቦታው አለ። ቃሉ ብቻ የለም። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና «ይህ የኛ አይደለም» አሉኝ። ክው አልኩ። የዚያ ደንብ ሌላ ቅጂ ማንም ዘንድ እንደሌለ አውቃለሁ።

ኮምፒውተሩን ይዤ ተመለስኩ። ባለሙያው ቆሞ ከሩቅ አየውና «እህቴ፣ ግራፊክስ ካርዱ ሄዷል። ይህ ዕቃ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። በአራት ሺህ ልያዝልሽና ጨምረሽ አዲሱን ውሰጂ» አለኝ። ቁልፍ እንኳን አልነካም።

ግራፊክስ ካርድ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው፤ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ለይቶ እንዴት ያበላሻል? ሌላው ጽሑፍ ሁሉ፣ የዊንዶውሱ ሜኑ፣ የፋይሎቹ ስም፣ ሰዓቱ፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቤቴ ወስጄ ራሴ መረመርኩት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቁሩ ገጽ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ንጹሕ ነው፤ ካርዱ ታሞ ቢሆን ብዙውን ጊዜ እዚያም ላይ መስመር ይሰነጠቅ ወይም ነጠብጣብ ይወጣ ነበር። ቀጥዬ የስክሪኑን ምስል የሚያነሣውን የፕሪንት ስክሪን ቁልፍ ተጫንኩና ምስሉን በፍላሽ ወስጄ ጎረቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ዝብርቅርቁ እንዳለ ነው። ጥፋቱ የስክሪኑ ወይም የገመዱ ቢሆን ኖሮ በምስሉ ውስጥ አይገባም ነበር፤ ሌላ ስክሪን ላይ ጤናማ ሆኖ ይታይ ነበር። ካርድ ይቀየርልኝ ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይህን ሳያደርግ አይክፈል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መልሱ ከዓይኔ ፊት ነበር። ጠቋሚውን ዝብርቅርቁ መሐል አስቀምጬ የዎርድን የፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የሚይዘው ፋይል) ሳጥን ቀና ብዬ አየሁ። የቪዥዋል ግዕዝ፣ ማለትም የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ፎንት ስም ተጽፏል። የኮምፒውተሩን የፎንት ማኅደር ስከፍት ግን ያ ስም የለም። ዎርድ የፎንቱን ስም ያስታውሳል፤ ፊደሉን ግን የት ያግኘው? ስለዚህ በራሱ ሌላ የላቲን ፎንት ተክቶ ያሳያል። ፎርማት ሲደረግ የድሮዎቹ ፎንቶች ከዊንዶውሱ ጋር አብረው ተጠርገዋል። ያ ባለሙያ ከማጥፋቱ በፊት የፎንት ማኅደሩን ገልብጦ ቢያስቀምጥልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን እኔም ተሳሳትኩ። ጽሑፉን በሙሉ መርጬ ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀየርኩት፤ ኒያላ ከዊንዶውስ 7 ጋር አብሮ የሚመጣ የግዕዝ ፎንት ነው። ምንም አልተለወጠም። ምክንያቱም የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር ወደሚለየው የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ሥዕል በላቲን ፊደላት ኮድ ቦታ ላይ አስቀምጠውታል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በአንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ፤ የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ሆኖ፣ እነ ሏና ቋ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ዩኒኮድ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከመጣባችሁ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፣ ማሽኑ ላይ ግን የግዕዝ ፎንት የለም፤ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ፎንት መጫን ይበቃል። የእኔን ችግር ግን አዲስ የግዕዝ ፎንት አይፈታውም፤ ወይ ያንኑ የድሮውን ፎንት፣ ወይ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ይፈልጋል።

ቤቱን ያስረከቡኝን ጸሐፊ ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ቁም ሣጥን ከፍተው፣ ከፎቶግራፍ ሥር፣ በፖስታ የታሸገ ሲዲ አወጡ። «ልጄ፣ ይህን ያልጣልኩት አንድ ቀን ይፈለጋል ብዬ ነው» አሉኝ። ፎንቶቹን ገልብጬ ማኅደሩ ውስጥ አስገባሁና ዎርድን ዘግቼ ከፈትኩ። «አንቀጽ 1» ብሎ ወጣ። አንድ ፊደል አልጎደለም። እንባዬ መጣ፤ ያ ጽሑፍ የሰፈር ሰው የሚቀበርበት ደንብ ነው።

አሁን ያን የጥገና ቤት ባለሙያ ባገኘው የምለው አለኝ። ካርዱ ሄዷል ያልከኝ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ያለ አንዳች ካርድ ቅያሪ ሠርቷል። አሮጌ ነው ትለኛለህ፤ አዎ፣ አሮጌ ነው፤ ጠዋት በውርጭ ሲነሣ ይዘገያል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። ነገር ግን ያንተን አዲስ ኮምፒውተር ብገዛ ኖሮ ደንቡ እዚያም ላይ ያው ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈት ነበር። ገንዘቤም ይሄድ ነበር፣ ፊደሉም አይመለስም ነበር። በ12 ሺህ ብር መግዛቴን አልጸጸትበትም፤ ነገም ቢሆን ይህንኑ እገዛለሁ።

ሲዲውን በሁለት ፍላሽና በእኅቴ ኮምፒውተር ላይ ገልብጫለሁ። ደንበኛ በሌለ ጊዜ የድሮዎቹን ፋይሎች በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛውራለሁ፤ የእድሩ ደንብ የመጀመሪያው ነበር። ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው፤ «ኋላ» እና «ቋሚ» ላይ ብቻ ይስታል። እነዚህን በዓይኔ እየፈለግሁ አንድ በአንድ አርማለሁ፤ ትናንት ማታ ገጽ 9 ላይ ደርሻለሁ።