ባለ ገመዱ ወይስ ገመድ አልባው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጌመሮች የሄድሴት ንጽጽር

ፐብጂ የተባለውን የተኩስ ጌም የሚጫወት ሰው የእግር ኮቴ ዋጋው ስንት እንደሆነ ያውቃል። ጠላት ከግራ ይምጣ ከቀኝ ጆሮ ቀድሞ ካልለየው ዓይን አይደርስበትም። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ተራ የብሉቱዝ ሄድፎን ነበር። ለዘፈን አንደኛ ነው። ጌም ላይ ግን የጥይቱ ድምፅ የሚመጣው ከተመታሁ በኋላ ሆነ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ልኮ እስኪፈታው ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሄድሴቶችን (ማይክ ያላቸው የጌም ሄድፎኖች) ላነጻጽርላችሁ፦ ባለ ገመዱን ሃይፐርኤክስ ክላውድ ስቲንገር (የመጀመሪያውን ሞዴል ነው የምለው) እና ገመድ አልባውን ሎጊቴክ ጂ435።

ስቲንገር በ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ይሰካል። የሄድፎን ቀዳዳ ያለው ስልክ፣ የፕሌይስቴሽን (ፒኤስ) ጆይስቲክ፣ ላፕቶፕ፣ ሁሉም ይቀበለዋል። ቻርጅ አይጠይቅም፣ አይዘገይም። የማይክና የድምፅ ቀዳዳው ለየብቻ የሆነ ዴስክቶፕ ካላችሁ ግን ባለ ሁለት ጫፉ መቀጠያ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

ጂ435 ከነጭራሹ የጃክ ቀዳዳ የለውም። ታይፕ ሲው ለቻርጅ ብቻ ነው። አብራው የምትመጣዋን ትንሽ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ መቀበያ) ኮምፒውተር ወይም ፒኤስ4 እና ፒኤስ5 ላይ ስትሰኩ ድምፁ ቶሎ ይደርሳል። ስልክ ላይ በብሉቱዝ ስታገናኙት ግን እንደ ዶንግሏ አይፈጥንም። ዶንግሏ ከጠፋች ደግሞ ፕሌይስቴሽን ላይ አይሠራም፤ ፒኤስ ተራ ብሉቱዝ ሄድፎን አይቀበልም። ባትሪውን አምራቹ 18 ሰዓት ይለዋል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ማይክ ላይ ስቲንገርን እመርጣለሁ። ማይኩ አፍ አጠገብ ይደርሳል፤ ወደ ላይ ስታዞሩት ድምፃችሁ ይቋረጣል። እቤት ቡና ሲወቀጥ ሙቀጫው አብሯችሁ ለሚጫወተው ቡድን ሁሉ እንዳይሰማ አንድ ጣት ይበቃል። የጂ435 ማይክ ጆሮው ላይ ተቀብሮ ነው ያለው፤ ጫጫታ ያለበት ጌም ቤት ውስጥ አያዛልቅም።

ስቲንገር 275 ግራም፣ ጂ435 165 ግራም ይመዝናሉ። ቅዳሜን ሙሉ ለሚጫወት ልዩነቱ አናት ላይ ይታወቃል። የጆሮው ስፖንጅ ደግሞ እኛ አገር ላይ የራሱ ወሬ አለው። የስቲንገር ሽፋን ቆዳ መሰል ነው። ደሴ ማታ የጦሳ ብርድ ሲወርድ ጆሮ ያሞቃል። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብ ይሞላዋል። እዚያ የጂ435 ጨርቅ ይሻላል፣ አየር ያስገባል።

ፒኤስ ወይም ቀዳዳ ያለው ስልክ ያላችሁ ስቲንገርን ግዙ። ኮምፒውተር ላይ የምትጫወቱ ኮምቦልቻዎች ጂ435ን እዩት። ስልካችሁ ቀዳዳ ከሌለውና ሌላ የምትጫወቱበት ከሌለ ሁለቱንም ተዉአቸው፤ ባለ ታይፕ ሲ ገመድ ሄድሴት ፈልጉ። ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ አድርጋችሁት ቆዩ፣ ማይኩ ላይ ድምፃችሁን ቅዱና መልሳችሁ ስሙት።