የማክሊን ሳጥን፦ የኮንቴይነር ጭነት በአስመጪ ዓይን ሲመዘን

ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ የመርከብ ድርጅቶችን ዋጋና ፍጥነት ሲያወዳድር፣ ሁሉም የሚሸጡለት በመሠረቱ አሜሪካዊው ነጋዴ ማልኮም ማክሊን በሥራ ላይ ያዋለውን አንድ ዓይነት አገልግሎት፣ ማለትም ዕቃን በብረት ሳጥን (ኮንቴይነር) አሽጎ ማጓጓዝን መሆኑን ልብ አይለውም። ስለዚህ እዚህ የምመዝነው የአንድን ድርጅት መስተንግዶ ሳይሆን አገልግሎቱን ራሱን ነው።

ማክሊን በኖርዝ ካሮላይና፣ ማክስተን የተወለደ የገበሬ ልጅ ሲሆን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በ120 ዶላር በገዛው አሮጌ የጭነት መኪና ሥራ ጀምሮ ከ1,700 በላይ መኪኖች እስከማሰማራት ደርሷል። በ1955 አንድ የመርከብ ድርጅት ሲገዛ፣ የአገሩ ሕግ ሁለቱን ሥራ አጣምሮ መያዝን ስለሚገድብ ሃያ ዓመት የደከመበትን የመኪና ድርጅት ለቀቀ። ይህን ያህል የደፈረ ነጋዴ ብዙ አላውቅም። ሚያዝያ 26 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ‹አይዲል ኤክስ› የተባለችው የተለወጠች የነዳጅ መርከብ 58 ሳጥኖች ይዛ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። በወዛደር ትከሻ ሲጫን በቶን 5.86 ዶላር ይፈጅ የነበረው ጭነት በሳጥን ሲሆን ከ16 ሳንቲም በታች ወረደ።

ሳጥኑን ቀረብ ብሎ ላየው ብልሃቱ ያለው በማዕዘኖቹ ላይ ነው። በስምንቱም ማዕዘን ላይ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት ተበይዷል፤ ከሥር የሚገባው ቁልፍ ሩብ ዙር ሲዞር ሳጥኑ ከመኪናው ወይም ከታችኛው ሳጥን ጋር ይያያዛል። ይህን የነደፈው የማክሊን መሐንዲስ ኪት ታንትሊንገር ሲሆን፣ ማክሊን የፈጠራ መብቱን ለዓለም አቀፍ ደረጃ ማውጫ ሥራ መልቀቁ ዛሬ የየትኛውም ድርጅት ሳጥን በየትኛውም ክሬን እንዲነሣ አስችሏል።

በባሕሩ ክፍል አገልግሎቱ እንከን አይወጣለትም ማለት ይቻላል። ቅሬታዬ ከየብሱ ላይ ነው። የማክሊን ሐሳብ ሳጥኑ ከላኪው በር እስከ ተቀባዩ በር ሳይከፈት እንዲሄድ ነበር፤ ወደብ ለሌለን ለእኛ ግን ጉዞው ጅቡቲ ላይ ይሰበራል። በመልቲሞዳል የመጣ ጭነት በአንድ ሰነድ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ መድረሱ ለሐሳቡ የቀረበ ነው፤ በዩኒሞዳል፣ ማለትም የባሕሩና የየብሱ ጉዞ በተለያየ ሰነድ ሆኖ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ ጅቡቲ ላይ ከሳጥኑ ወጥቶ በመኪና ይጫናል፣ ያን ጊዜም የሳጥኑ ጥቅም ግማሹ ይቀራል። ሳጥን ዘግይቶ ሲመለስ የሚከፈለው ዲመሬጅ ደግሞ በባሕር ላይ የተገኘውን ቅናሽ መልሶ ይበላዋል። (በየሰፈሩ ሱቅና ጋራዥ ሆነው የቀሩት አሮጌ ሳጥኖች ማክሊን ያላሰበው ሌላ ገበያ ናቸው።)

ማክሊን ራሱም ጊዜ የመቆጠብ ሐሳቡን የጣሰበት ወቅት አለ። በ1969 የመርከብ ድርጅቱን ‹ሲ-ላንድ›ን በ530 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላ ‹ዩናይትድ ስቴትስ ላይንስ› የተባለውን ሌላ የመርከብ ድርጅት ገዝቶ ነዳጅ ለመቆጠብ ቀርፋፋ የሆኑ 12 ግዙፍ መርከቦች አሠራ። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ዝግታው ብቻ ተረፈው፤ ድርጅቱም በ1986 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ከሰረ። በመነሻው ለደንበኛው ጊዜ ይቆጥብ የነበረ ሰው በመጨረሻ የደንበኛውን ጊዜ ለነዳጅ መሸጡ ይገርመኛል።

እንደ ብረትና ሴራሚክ ላለ ከባድ ዕቃ ባለ 20 ጫማውን እመርጣለሁ፤ ባለ 40 ጫማው የውስጥ ቦታው እጥፍ ቢሆንም የሚሸከመው ክብደት እጥፍ አይደለምና። ስፖንጅና ፕላስቲክ ለሚያስመጣ ግን ባለ 40 ያዋጣል። ሙሉ ሳጥን የማይሞላ ጭነት ያለው ሰው ከሌሎች ጋር ተጋርቶ መጫኑን ከመወሰኑ በፊት የማራገፊያውን ወጪ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።