ከዚራ ያለው የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭና የነቢይ መኮንን ትርጉም

ገጣሚው ነቢይ መኮንን በ2016 ካረፈ ወዲህ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን (የ«Gone with the Wind» ልቦለድ ትርጉሙን) እንደገና ላንብበው እያልኩ ስፈልግ ከርሜ በመጨረሻ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ዛፎቹ ስር አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋው ልጅ ጋ አገኘሁት። ሽፋኑ በፕላስተር ተጣብቋል፣ ውስጡ በእስክሪብቶ «ለእህቴ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዋጋው ትንሽ ይከብዳል ግን ሲያወሩት ይቀንሳል፣ ደግሞ ገጹ ሙሉ መሆኑን እዛው ቁጭ ብዬ እንዳይ ፈቀደልኝ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የመጨረሻው ምዕራፍ የተገነጠለ መጽሐፍ ሸጠውልኝ ስለነበር ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ነቢይ እኮ ይሄን መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ነው፣ ወረቀት ስላልነበረ ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ፣ ወደ 3000 ቁራጭ! የሚፈቱ እስረኞች ናቸው እየደበቁ ያወጡለት። ይሄን እያሰብኩ ሳነብ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ዳግመኛ አልራብም ብላ የምትምልበት ቦታ ላይ እንባዬ መጣ፣ አማርኛው ደግሞ የገጣሚ እጅ እንደነካው ያስታውቃል።

ልጁ የሚዘረጋው ሙቀቱ በረድ ሲል 10 ሰዓት ገደማ ነው። የነቢይን ግጥሞች ካገኘ እንዲያስቀምጥልኝ ነግሬዋለሁ።