የቀብር አዳራሹ የኮሄኖች መቆሚያ፦ በደንብ የተሠራውና የቀረው

እናቴን የቀበርናት በከተማችን መቃብር ነው። እዚህ እስራኤል መሠረታዊውን የቀብር ወጪ ቢቱዋኽ ሌኡሚ (ብሔራዊ የመድን ተቋሙ) ስለሚሸፍን፣ ስለ ገንዘብ የምለው የለኝም። መጻፍ የፈለግሁት ስለ ኮሄኖች፣ ማለትም ከአሮን ዘር ስለሆኑ የአይሁድ ካህናት፣ መቆሚያ ነው። ቀብር የሚጠብቃችሁ ኮሄን ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ፎቃችን ላይ የሚኖር ከሞሮኮ የመጣ ጎረቤት አለን። ኮሄን ነው። እናቴን በጣም ይወዳት ነበር። ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ "መቆሚያ አላቸው?" ብሎ ነው።

ነገሩ የኦሪት ሕግ ነው። ዘሌዋውያን 21 ካህን በሞተ ሰው እንዳይረክስ ያዛል። ለእናትና ለአባቱ፣ ለወንድና ለሴት ልጁ፣ ለወንድሙ፣ ላላገባች እኅቱ ግን ይቀብራል። ረቢዎቹ ሚስቱንም ይጨምራሉ። ጎረቤት እዚህ ውስጥ የለም። ሬሳውን አለመንካት ደግሞ አይበቃም። ዘኍልቍ 19 ሰው የሞተበት ድንኳን የገባ ሁሉ ሰባት ቀን ይረክሳል ይላል። ስለዚህ ኮሄን ከሬሳው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መሆን አይችልም።

ይህን መቃብር ያሠሩት ሰዎች ሕጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። የኮሄኖቹ ዳስ ለብቻው ቆሟል። ጣሪያው ከአዳራሹ ጣሪያ ጋር አይገናኝም፤ በመካከል ሰማይ ይታያል። ቢገናኝ ኖሮ ዳሱ ዋጋ አልነበረውም። ደግሞም ሬሳው ከሚወጣበት በር በተቃራኒ በኩል ነው የሠሩት። በሕጉ ሬሳው ሊያልፍበት ያለው መውጫ፣ ገና ሳይወጣም እንደ ረከሰ ይቆጠራልና። አግዳሚ ወንበርና ውኃ አለ። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ኮሄኖች ከመቃብሮቹ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው መሄድ ይችላሉ። በመቃብሮቹና በመንገዱ ላይ አንድ ላይ ቅርንጫፉን የዘረጋ ዛፍም የለም፤ ዛፍም እንደ ጣሪያ ነው የሚታየው። የኮሄን ቤተሰቦችን መቃብር ዳር ላይ አድርገዋል፤ ልጆች መንገድ ላይ ቆመው መጸለይ እንዲችሉ።

ድምፅ ማጉያው ግን ደካማ ነው። ጎረቤታችን ወንድሜ ስለ እናታችን የተናገረውን ግማሹን አልሰማም።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ነን፤ የሃይማኖት መሪያችን የሆኑት ቄሳችን እናቴን ሊሸኙ መጡ። እሳቸውም ወደ ሬሳ አይቀርቡም፤ ከሩቅ ሆነው ነው የሚጸልዩት። ወደ ዳሱ ሲያመሩ አንድ ሠራተኛ "ኮሄን ነህ?" አላቸው። አይ፣ ቄስ ነኝ አሉ። ዳሱ ለኮሄኖች ብቻ ነው ተባሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጎረቤታችን ይህን ሲያይ ከዳሱ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

ኮሄንነት በአባት ዘር እንደሚተላለፍ፣ የእኛ ቄሶች ደግሞ ተምረው እንደሚሾሙ አውቃለሁ። ሠራተኛው የታዘዘውን ነው ያደረገው። ግን እኛም ይህን ሕግ አገር ቤት ጠብቀን ነው የመጣነው። ጎንደር ሬሳ ተሸክሞ የቀበረ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። እናቴ ለአባቷ ቀባሪዎች ምግብ ይዛ ሄዳ፣ ሳትነካቸው ራቅ አድርጋ ታስቀምጥላቸው እንደነበር ነግራኛለች። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ላደገ ቄስ ዳሱ ውስጥ አንድ ወንበር አይበዛም። ሕጉንም አይነካም።

ለአስተዳደሩ ጽፌያለሁ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ ቄሶች ዳሱ ውስጥ እንዲቆሙ ለሠራተኞቹ ይነገር፣ በዕብራይስጥ ብቻ የተጻፈው ምልክት በአማርኛም ይጻፍ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።

ለኮሄን ቦታውን ያለ ስጋት እመክራለሁ፤ ተናጋሪው ወደ ማይክሮፎኑ እንዲጠጋ ብቻ ንገሩት። ቄስ የምታመጡ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ለሔቭራ ቃዲሻው (ለቀብር አስፈጻሚው ማኅበር) ደውሉ፣ ጃንጥላና ወንበርም ያዙላቸው።